ከባቡሩ አትውረዱ የተባሉት 380 ሰዎች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2015፣ ሰኞ ነበር። በእኛ ጥር 4 ቀን 2007 ዓ.ም.። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ15 ገደማ፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር 3:15 ላይ፣ የከተማዋ የምድር ባቡር፣ የሜትሮው፣ ቢጫ መስመር 302 ቁጥር ባቡር ለንፋንት ፕላዛ ከተባለው ጣቢያ ተነስቶ ወደ ቨርጂኒያ አቀና። 380 ያህል ሰው ጭኗል። ከዋሻው ወጥቶ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ሊሻገር ጥቂት ነው የቀረው። አልተሻገረም። ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ሾፌሩ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። የመልእክቱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ተረጋጉ፣ ከባቡሩ አትውረዱ፣ ወደ ጣቢያው ልንመለስ ነው። ባቡሩ ግን ሳይመለስ ቀረ። አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። 91 ሰዎች ተጎዱ፤ ከነሱ ውስጥ የእሳት አደጋና የሜትሮ ሠራተኞችም አሉበት።

ስለዚህ አደጋ ብዙ የተጻፈው ስለ ኤሌክትሪክ ኬብሉና ስለ ሜትሮ አስተዳደር ነው። ይገባልም። እኔ ግን ፉርጎው ውስጥ መቆየት እፈልጋለሁ። ሰው ጭሱን እያየ፣ እያሳለው፣ «ባለህበት ቆይ» ሲባል ምን ያደርጋል? የተቀመጠው ለምን ተቀመጠ? በሩን ከፍቶ የወጣውስ ምን አስቦ ነው? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ተሳፋሪው ላይ ጣት መቀሰር አይገባም። ማሳሰቢያው ባዶ ተስፋ ነበር። ይህን የማረጋገጥ ኃላፊነት የነበረባቸው ደግሞ ከመሬት በላይ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ባቡሩ እንዴት ተያዘ

ጭሱ የተነሳው ከባቡሩ አይደለም። ባቡሩ አልተቃጠለም፣ ከሐዲዱም አልወጣም። ችግሩ 335 ሜትር ያህል ፊት ለፊት ነበር። ለባቡሩ ኃይል የሚሰጠው ሦስተኛው ሐዲድ 750 ቮልት ገደማ ይሸከማል። ወደዚያ ሐዲድ የሚገባው ኬብል ሾርት አደረገ። በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ በሜትሮው መስመር ላይ ብዙ የኬብል መጋጠሚያዎች ውኃና ቆሻሻ እንዳይገባባቸው የሚያሽገው ሽፋን ጎድሏቸው ተገኘ።

እዚህ ላይ ሰዓቱን ልብ በሉ። 9:06 ላይ የዚያን የሐዲድ ክፍል ኃይል የሚቆጣጠረው አንዱ ብሬከር ወደቀ፤ በእሱ በኩል ኃይል ተቆረጠ። በሌላው ጫፍ ያለው ብሬከር ግን አልወደቀም። ስለዚህ ሾርት ያደረገው ቦታ ከዚያ በኩል ኃይል እያገኘ መንደዱን ቀጠለ። ሁለተኛው ብሬከር ከመቆጣጠሪያው በትእዛዝ ኃይል እንዲቆርጥ የተደረገው 9:50 አካባቢ ነው። 44 ደቂቃ ሙሉ ኬብል ሲነድና ዋሻው ጭስ ሲሞላ ማለት ነው።

302 ሲቆም የመጨረሻው ፉርጎ ከጣቢያው ፕላትፎርም ጫፍ 118 ሜትር ያህል ነበር የራቀው። አንድ የኳስ ሜዳ ርዝመት ቢሆን ነው። ሾፌሩ ለመቆጣጠሪያው በሬዲዮ ነገረ፤ ባቡሩ ጭስ እየሞላ ነው፣ ወደ ጣቢያው ልመለስ። ሐሳቡ ልክ ነው። ግን ለመመለስ ጣቢያው ባዶ መሆን አለበት። መቆጣጠሪያው ደግሞ ከኋላ ይመጣ የነበረውን 510 ቁጥር ባቡር ወደ ጣቢያው እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። 510 ገባ፣ 9:25 ገደማ ፕላትፎርሙ ላይ ቆመ። ጣቢያው ራሱ ጭስ እየሞላ ነበር። የ302 መመለሻ ተዘጋ። ያ ሳይፈታ ሐዲዱ ኃይል አጣ፤ ባቡሩም ባለበት ቀረ።

ሌላም አለ። የዋሻው አየር ማስወጫ ማራገቢያዎች ተከፈቱ፤ ግን በየት በኩል መሳብ እንዳለባቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የመቆጣጠሪያው ሠራተኞች በዚህ ላይ አልሠለጠኑም። በጣቢያው በኩል ያሉት ማራገቢያዎች ጭስ እንዲያስወጡ ሲደረግ፣ ከፊት ያለው ጭስ ወደ ኋላ ተሳበ። መሐል ላይ ያለው ደግሞ ባቡሩ ነው። በዚያ ላይ የባቡሩ የራሱ አየር ማስገቢያ ስላልተዘጋ የውጩን ጭስ ወደ ፉርጎዎቹ እየማገ አስገባ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ነው፤ የመጨረሻ ሪፖርቱን በሜይ 2016 አጸደቀ። በዚያን ሰዓት ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ የሚሰማውን ድምፅና የሚተነፍሰውን ጭስ።

ፉርጎው ውስጥ

ተሳፋሪዎች በስልክ የቀረጿቸው ምስሎች በቴሌቪዥን ታይተዋል። ሰው ይጯጯሃል፣ ይረጋገጣል ብሎ ለጠበቀ ይገርማል። አብዛኛው ሰው ተቀምጧል። አንዳንዱ ጭሱ ከላይ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሏል። አፍና አፍንጫውን በኮቱ ወይም በስካርፉ የሸፈነ አለ። ይሳላሉ። እርስ በርስ ይነጋገራሉ። መንገደኞች አንዷን የተዳከመች ሴት ደረቷን እየተጫኑ ሊያተርፏት ታግለዋል።

ስልክ የደወሉም አሉ። ከባቡሩ ውስጥ ለ911፣ ለአሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ የተደወለው 9:33 አካባቢ ነው መግባት የጀመረው። የእሳት አደጋ ሰዎች ያኔ ጣቢያው ደርሰው ነበር። ግን ዋሻው ውስጥ ሰው የታጨቀበት ባቡር መኖሩ ግልጽ ሆኖ አልተነገራቸውም። ሬዲዮናቸውም ከመሬት በታች አይሠራም ነበር፤ ይህ ብልሽት ከአደጋው ጥቂት ቀናት በፊት ታውቆ ነበር። ወደ ዋሻው ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ሐዲዱ ኃይል እንደሌለው ማረጋገጫ ያስፈልጋቸዋል። ለማንም የማይፈረድበት ጥንቃቄ ነው። ደቂቃው ግን ይነጉዳል።

ከዚያ አንዳንዶቹ መጠበቅ በቃቸው። በሩን በድንገተኛ መክፈቻው ከፍተው ወረዱ፤ በዋሻው ግድግዳ ጥግ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ በጭስና በጨለማ፣ ወደ ጣቢያው ሄዱ። ቦርዱም በሪፖርቱ ይህንኑ ጽፏል፤ ከፊሎቹ ራሳቸው ወጡ፣ ሌሎቹን የእሳት አደጋ ሠራተኞች አወጧቸው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ሰው አለ ማለት ነው። ይህን አይቶ «የወጡት ብልሆች፣ የቀሩት የዋሆች» ብሎ መደምደም ይቀናል። አልስማማም።

መቀመጥ ስህተት ነበር?

አብዛኛውን ጊዜ «ከባቡሩ አትውረዱ» ትክክለኛ ትእዛዝ ነው። ዋሻ ጨለማ ነው። ሦስተኛው ሐዲድ ኃይል ካለው አንዴ መንካት ሕይወት ያጠፋል። ከሌላ አቅጣጫ ባቡር ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ በር ሲከፈት ባቡሩ መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ደንግጦ በር ቢከፍት ለመመለስ ያለውን ዕድል ለሁሉም ሊዘጋ ይችላል። ሾፌሩ ይህን ያውቃል። ተሳፋሪውም ባይማረው ይገምታል።

የዲሲ ሜትሮ ደንበኛ ደግሞ ዋሻ ውስጥ መቆም አዲሱ አይደለም። ባቡሩ ይቆማል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከድምፅ ማጉያው የተንኮሻኮሸ ድምፅ ይወጣል፤ ጥቂት ታገሡ፣ አሁን እንንቀሳቀሳለን። ብዙውን ጊዜ እውነትም ይንቀሳቀሳል። ሰው ከጋዜጣው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ይቀጥላል። ተመላላሽ ተሳፋሪ ጆሮው ማሳሰቢያ ለምዷል። ያ ልማድ ነው እንግዲህ በዚያች ሰኞ የተፈተነው። የዘወትሩና የክፉ ቀኑ ማሳሰቢያ በአንድ ድምፅ ማጉያ፣ በአንድ ዓይነት ቃና፣ በአንድ ዓይነት ቃላት ከመጣ ሰው በምን ይለየው?

ሌላው ነገር የጎን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት የታወቀ ሙከራ አለ። ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ መጠይቅ እንዲሞሉ ተሰጣቸው። በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ እንዲገባ ተደረገ። ብቻውን ከተቀመጠው ውስጥ 75 በመቶው ወጥቶ ተናገረ። አውቀው ዝም እንዲሉ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጠው ውስጥ ግን የተናገረው 10 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ዓይኑን እያሸ፣ እየሳለ፣ መጠይቁን መሙላት ቀጠለ። ሰው ጭሱን ሳያይ ቀርቶ አይደለም። የጎረቤቱን ፊት አይቶ «እሱ ካልተነሳ ነገሩ ቀላል ይሆናል» ይላል። ጎረቤቱም እሱን እያየ እንደዚያው ይላል።

የሞላ ፉርጎ ውስጥ ይህ ይባዛል። በዚያ ላይ ከባለሥልጣን አፍ «ቆዩ» የሚል ቃል ሲጨመርበት፣ መነሳት ራሱ ሁከት መፍጠር ይመስላል። ይሉኝታ ይይዛል። እኛ ሐበሾች ይሉኝታን የራሳችን ብቻ እናደርጋታለን እንጂ የትም አለች።

የዚህ አስከፊው ምሳሌ ደቡብ ኮሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2003 ዴጉ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የምድር ባቡር ውስጥ እሳት ለኮሰ። ትይዩው ሐዲድ ላይ ሌላ ባቡር ገብቶ ቆመ፤ እሳቱ ተሻገረበት። በዚህ በሁለተኛው ባቡር ተሳፋሪው ባለበት እንዲጠብቅ ተነገረው። ሾፌሩ በኋላ ቁልፉን ይዞ ወጣ፤ በሮቹ ተዘግተው ቀሩ። 192 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ የሞቱት በዚህኛው ባቡር ነው። በዚያ ፉርጎ ውስጥ የተነሳ ፎቶ አለ። ሰዎች በሁለት ረድፍ ትይዩ ተቀምጠዋል፣ አፍንጫቸውን ይዘዋል፣ ጭሱ መሐላቸው ነው። ማንም አልተነሳም።

ለንፋንት ፕላዛን ከዴጉ ጋር እኩል ማድረግ አይቻልም። የዲሲው ሾፌር ጥሎ አልሄደም፤ ሬዲዮው ላይ ሆኖ ለመመለስ ይለምን ነበር። ለተሳፋሪው የሰጠውም ተስፋ አውቆ የዋሸው አይደለም። እመለሳለሁ ብሎ ነው «ቆዩ» ያለው።

የጎደለው ቃል

ችግሩ እዚህ ነው። ሾፌሩ እንመለሳለን ሲል 510 መንገዱን ዘግቶታል፣ ወይም ሊዘጋው ነው። ይህን ተሳፋሪው አያውቅም። መመለስ እንደማይቻል ግልጽ ከሆነ በኋላም ማሳሰቢያው አልተለወጠም። «ቆዩ» የሚለው ትእዛዝ የተመሠረተበት ምክንያት ሞቷል፤ ትእዛዙ ግን እንደቆመ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ «ዕቅዱ አልሠራም፣ አሁን በዚህ በኩል እንውጣ» ማለት ነበረበት።

«ቆዩ» መጨረሻ ያስፈልገዋል። ለስንት ደቂቃ? ምን እስኪሆን? ጭሱ ቢብስ የትኛው በር? ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ? ለንፋንት ፕላዛ ላይ ይቺ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻዋን ወርቅ ነበረች። ጭሱ ከፊት ነው፣ ጣቢያው ከኋላ ነው። ከኋላኛው ፉርጎ እስከ ፕላትፎርሙ በደህና ቀን የሁለት ደቂቃ እርምጃ አይሞላም። ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች በፉርጎዎቹ መሐል ወደ ኋላ እንዲጠጉ ቢነገራቸው እንኳ አንድ ነገር ነበር። ማንም ካልነገረው ግን ተሳፋሪ ከመሬት በታች አቅጣጫ የለውም።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ፤ እኛንም ይመለከታል። ቢጫ መስመር ከዲሲ ወደ ሬገን አየር ማረፊያ፣ ክሪስታል ሲቲና አሌክሳንድሪያ ይወስዳል። የኛ ሰው የሚሠራበትና የሚኖርበት ሠፈር ነው። በዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ በዚህ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። ሜትሮውም በአማርኛ መረጃ አለው። ግን ያ ሁሉ ወረቀት ላይ፣ ቀድሞ ለተዘጋጀ ነገር ነው። ሾፌር በጭንቅ ሰዓት የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በሚያሽካካ ድምፅ ማጉያ፣ ሰው በሚያስልበት ፉርጎ። እናቴን ቨርጂኒያ ልትጠይቀኝ መጥታ እዚያ ባቡር ውስጥ አስባታለሁ። የምታየው የሰዉን ፊት ነው። ሰዉ ከተቀመጠ ትቀመጣለች።

ከዚያ ወዲህ

ቦርዱ የአደጋውን ምክንያት ሲያስቀምጥ ሾፌሩን አልወነጀለም። ረጅም ጊዜ የቆየ ሾርት፣ ለዚያም መንስኤ የሆነ ደካማ የፍተሻና የጥገና አሠራር ነው ያለው። አስተዳደሩ አስቀድሞ የሚታይን አደጋ አላስወገደም፤ ተቆጣጣሪ አካላቱም ሥራቸውን አልሠሩም። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱም ከመሬት በታች ብዙ ሰው ለሚጎዳበት አደጋ ዝግጁ አልነበረም። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ግን ይቺ ግኝት ናት፦ ሜትሮው የራሱን ደንብ ተከትሎ የመጀመሪያው የጭስ ወሬ እንደመጣ ባቡሮችን ሁሉ ቢያቆም ኖሮ 302 ዋሻው ውስጥ አይገባም ነበር። ሜትሮው ከዚያ በፊት የጭስ ጥቆማ ሲመጣ ሰው የጫነ ባቡር እየላከ «እስቲ እለፍና እይ» የማለት ልማድ ነበረው። ተሳፋሪው ሳያውቀው መርማሪ ሆኖ ተልኳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2016፣ ከአደጋው ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ ማክፐርሰን ስኩዌር ጣቢያ አጠገብ እንደዚያው ያለ ኬብል ተቃጠለ። በዚህ ጊዜ የሞተ ሰው የለም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ፖል ዊደፌልድ ማርች 16 ቀን ሜትሮውን በሙሉ ዘጉት። በሥራ ቀን፣ በአገሪቱ ዋና ከተማ። ከተማው ተንጫጫ። ፍተሻው ግን 26 የተጎዱ ቦታዎች አገኘ። ጫጫታው ወዲያው በረደ። የደህንነት ቁጥጥሩም እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ወደ ፌዴራል መንግሥቱ ዞሮ፣ በ2019 ለዚሁ ለተቋቋመ አዲስ ኮሚሽን ተላልፏል።

ኬብል ይቀየራል፣ ማራገቢያ ይስተካከላል፣ ሬዲዮ ይጠገናል። የማሳሰቢያው ነገር ከሁሉም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ምክንያቱም የሰው ልማድ ነው። መሥሪያ ቤቶች ተሳፋሪው እንዳይሸበር ብለው መረጃ ይቆጥባሉ። የ302 ፉርጎዎች ግን የሚያሳዩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰዉ አልተሸበረም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ታገሠ። ሾፌሩ «ከፊት ጭስ አለ፣ ከኋላችን ባቡር ቆሟል፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ካልተሳካ በኋላ በኩል እናወጣችኋለን» ቢል፣ እዚያ የነበረው ሰው ይህን ለመስማት አቅም ነበረው።

በዚህ መስመር ለምትመላለሱ ጥቂት ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ፉርጎ ጫፍ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለው። ሾፌሩን በድንገተኛ መነጋገሪያው ስትጠሩም ሆነ 911 ስትደውሉ ቁጥሩን፣ የመስመሩን ቀለምና መጨረሻ ያለፋችሁትን ጣቢያ ተናገሩ፤ በዚያች ሰኞ ከላይ ያሉት ሰዎች ያጡት ይህን ነው። የድንገተኛ መክፈቻው መሐለኛው በር አጠገብ ነው፤ ጭስ ሳይኖር አንዴ ዓይታችሁ ያዙት። ጭስ እየገባ ከሆነና «ቆዩ» ከተባለ፣ መነጋገሪያውን ተጭናችሁ እስከ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። መውጣት ግድ ከሆነ ደግሞ ከጭሱ በተቃራኒ፣ የግድግዳውን መተላለፊያ ይዞ ነው። ሐዲዱ ኃይል የለውም ያላችሁ ሰው ቢኖርም እንዳለው ቆጥራችሁ ሂዱ።